ስለ ስኳር በሽታ የሚጻፉ ኮመንቶችን በኮምፒውተር መተንተን፦ «መድኃኒት አቁመዋል» የተባሉት ሰዎች ምን እያሉ ነው?

የማራኪ_ተማሪ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

እዚሁ ጎንደር በጤና ኢንፎርማቲክስ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ቲሲሴ ሰዎች ስለ ስኳር በሽታና ስለ ደም ግፊት በአማርኛ የሚጽፉትን በኮምፒውተር መተንተን ነው። ዳታው ማንም ገብቶ ሊያነባቸው ከሚችል የቴሌግራም ቻናሎችና ከዩቲዩብ የጤና ቪዲዮዎች ሥር የተሰበሰቡ ኮመንቶች ናቸው። ስምና ስልክ ከመጀመሪያው አውጥቻለሁ። የሥነ ምግባር ፈቃድም አለኝ።

ለምን ይህን መረጥኩ? ሰው ሐኪም ፊት የሚናገረውና ማታ ስልኩን ይዞ የሚጽፈው ስለሚለያይ ነው። ሐኪሙ ሲጠይቀው «በሥርዓት እወስዳለሁ» ይላል። ኮመንት ላይ ግን «ኪኒኑ ሆዴን ስለረበሸኝ ትቼዋለሁ፣ ሌላ የምታውቁት ካለ ንገሩኝ» ብሎ ይለምናል። ይህን ሁለተኛውን ንግግር ተከታትሎ የሚሰማው ባለሙያ ጥቂት ነው። ሁሉንም በዓይን ላንብብ ቢሉት ደግሞ ብዛቱ አያስችልም። ስለዚህ ማሽን የግድ ነው።

መጀመሪያ ቃላት ቆጠርኩ። ከዚያ ኤልዲኤ የሚባለውን ሞዴል ሞከርኩ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ አብረው የሚመጡ ቃላትን እያየ ጽሑፎችን በርዕስ በርዕስ የሚከፍል ነው። ከቡድኖቹ አንዱ ዓይኔን ያዘው። «መድኃኒት»፣ «አቆመ»፣ «ጠበል»፣ «ሽፈራው»፣ «ጥቁር አዝሙድ» አንድ ላይ ተሰብስበዋል። ላይ ላዩን ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ሰው መድኃኒቱን እየተወ ነው። ይህን በግራፍ አስደግፎ ሪፖርት መጻፍም ይቻላል።

ቡድኑን ከፍቼ አንድ በአንድ ሳነበው ግን ሌላ ነው። አንዷ «ባቆመው ምን ይለኛል?» ብላ ትጠይቃለች። ሌላው «እባካችሁ እንዳታቆሙ፣ እኔ መዘዙን አይቼዋለሁ» ብሎ ይመክራል። ሌላዋ እናቷ መድኃኒቷን አላቆምም ብላ ከጎረቤት ጋር እየተከራከረች እንደሆነ ትነግረናለች። አንዱ ደግሞ «ለሁዳዴ ላቁመው ወይስ ማታ ልውሰደው?» ይላል። አራቱም አንድ ቡድን ውስጥ ናቸው። አቁሜያለሁ የሚለው ሰው በመካከላቸው አለ፣ ግን ከእነሱ ጋር አንድ ላይ የሚቆጠር አይደለም።

(ኮመንቶቹን ቃል በቃል አልጠቀስኩም። ተፈልጎ ባለቤቱ እንዳይገኝ ቃላቱን ቀይሬያለሁ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።)

እናንተ ብትሆኑ ከዚህ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? የቋንቋ ሰዎችም የጤና ሰዎችም ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

---

ፊደል_ለቃሚ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምሽው። ብዙ ሰው ቡድኑን ሳይከፍት ያልፋል።

ጥያቄ አለኝ። ከመቁጠርሽ በፊት ቃላቱን ወደ ሥረ ቃላቸው የሚቆርጥ ፕሮግራም ተጠቅመሻል? ከሆነ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። «አቆምኩ»፣ «አላቆምኩም»፣ «ባቆም»፣ «እንዳታቆሙ»፣ «አቁሚ» ሁሉም ተቆርጠው አንድ ቃል ይሆናሉ። በአማርኛ አሉታው፣ ትእዛዙ፣ «ቢሆንስ» የሚለው ጥርጣሬ፣ ማን እንዳደረገው፣ ሁሉም የተሸከሙት በቃሉ ጫፍና ጫፍ ባሉት ፊደላት ነው። ፕሮግራሙ ቆርጦ የሚጥለው ደግሞ እነዚያኑ ነው። ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሠራ አሠራር እንዳለ ሲመጣ የሚሆነው ይህ ነው። እነሱ «አይደለም» ለማለት ለብቻው የቆመ ቃል አላቸው። እኛ ቃሉ ውስጥ እንቀብረዋለን።

እኔ ብሆን ሆርንሞርፎን እሞክራለሁ። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ የሠሩት ፕሮግራም ነው። ቃሉን ሲበትን የተበተነውን አይጥልም። ሥሩን ይሰጥሻል፤ አሉታ ነው፣ ባለቤቱ አንደኛ መደብ ነው፣ ትእዛዝ ነው እያለም ይነግርሻል። ያን ጊዜ «አቁም + አሉታ + አንደኛ መደብ» እና «አቁም + ትእዛዝ» ለየብቻ ይቆጠራሉ።

ሁለተኛ፣ ፊደሉን አስተካክዪ። «መድኃኒት»፣ «መድሃኒት»፣ «መድሀኒት»፣ «መዳኒት» ለማሽኑ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ወደ አንድ መምጣት አለባቸው። «ኢንሱሊን» እና «እንሱሊን»፣ «ሜትፎርሚን» እና «መትፎርሚን» ግን በዚህ ሕግ አይፈቱም። ለመድኃኒት ስም ለብቻው ዝርዝር ሥሪ። በላቲን ፊደል የተጻፈውንም አትጣዪው። ኪቦርዱ ላይ አማርኛ ያልጫነ ሰው በሽታ የለበትም ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከነባር ሞዴሎች ስትመርጪ ተጠንቀቂ። ጉግል ያወጣው ባለብዙ ቋንቋ በርት የሚባለው ሞዴል 104 ቋንቋ ያውቃል፤ አማርኛ ከ104ቱ ውስጥ የለም። የኛን ጽሑፍ ብትሰጪው በአብዛኛው «የማላውቀው ምልክት» ብሎ ያነበዋል። ስህተት አያሳይሽም፣ ዝም ብሎ ውጤት ይሰጥሻል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ኤክስኤልኤም-አር የሚባለው ሌላ ሞዴል ግን አማርኛን ተምሯል። በእሱ ላይ ተጨማሪ የአፍሪካ ቋንቋዎችን የተማረው አፍሮ-ኤክስኤልኤምአርም አለ።

---

የማራኪ_ተማሪ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:50

አዎ፣ ቆራጩን ተጠቅሜያለሁ። ነገ በሆርንሞርፎ እደግመዋለሁ። በጣም አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ስኳር» የሚለው ቃል ብቻውን አስቸግሮኛል። «ስኳር ጨመረ» የሚል ኮመንት አለ፤ ዋጋው ነው ወይስ የደም ስኳሩ? «ስኳር ቀበሌ መጥቷል» የሚለውስ የጤና ቻናል ላይ ምን ይሠራል? «ስኳሬ» ሲል በሽታው ነው። «ስኳሩ» ሲል ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

---

ሲስተር_ከአዘዞ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ከአዳር ሥራ ወጥቼ ነው ያነበብኩት። ያችን የሁዳዴ ጥያቄ አትለፊያት የኔ እህት።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እስከ ከሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ኪኒኑን በባዶ ሆዱ ይውሰድ? ያሳድረው? ወይስ እስኪፈታ ድረስ ይተወው? ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ኪኒኑን ውጦ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ በጣም ሊወርድበት ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን ይህንኑ ይጠይቃሉ። ካርድ ክፍል ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ አምስት ደቂቃ ብቻ ያገኘ ታማሚ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል። «አትጹም ሊሉኝ ነው» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሳይጠይቅ ይሄድና ኮመንት ላይ ይጽፋል።

መድኃኒት ያቆመ አይደለም። ሰዓት የጠፋበት ሰው ነው። ኮመንቶቹ ቀን አላቸው አይደል? በየሳምንቱ አስቀምጪያቸውና «ጾም» የሚለው መቼ መቼ እንደሚበዛ እይልኝ። ጥያቄው ከሁዳዴ በፊት የሚጀምር ከሆነ ምክሩን ቀድመን ብንሰጥ ይደርስላቸዋል።

---

የፒያሳ_ፋርማሲስት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ሲስተር ያለችው ልክ ነው። እኔም ከመስኮቱ በዚህ በኩል ሆኜ የማየው ይህንን ነው።

ተማሪዋ መጀመሪያ ላይ ስለ ሆድ መረበሽ ጽፋለች። ሜትፎርሚን ሲጀመር ሆድ ይነካል፤ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት። የታወቀ ነገር ነው። ከምግብ ጋር ሲወሰድና መጠኑ ቀስ እየተባለ ሲጨመር ለብዙ ሰው ይቀላል። ይህን ያልተነገረው ሰው መድኃኒቱ መርዝ ሆነብኝ ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ «ሆዴ» የሚለው ቃል ከ«ሜትፎርሚን» ጋር የት የት እንደሚመጣ መፈለግ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። አዲስ ሐሳብም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ዴይሊስትሬንግዝ ከሚባል የታማሚዎች ድረ ገጽ የመድኃኒት ጎንዮሽ ጉዳቶችን በኮምፒውተር ለማውጣት ሞክረዋል። እዚያም ትልቁ ፈተና ሰው የሐኪም ቃል አለመጠቀሙ ነበር። ሐኪሙ በላቲን ስም የሚጠራውን ታማሚው በሰውነቱ እንደተሰማው ይጽፈዋል።

የኛ ሰውም እንደዚያው ነው። «አቃጠለኝ»፣ «ወረረኝ»፣ «ከበደኝ»፣ «አዞረኝ»፣ «ጨጓራዬን ላጠኝ» ነው የሚለው። እነዚህን የሚፈታ ዝርዝር ማንም አልሠራልንም። ሥሪው፣ እኔ ከጎንሽ ነኝ።

---

ቆላ_ድባ_ጡረተኛ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

ልጆቼ፣ ሰላም ዋላችሁ። የድሮ ጤና መኮንን ነኝ። ውይይታችሁን ሳነብ ደስ አለኝ፣ አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ።

ደምቢያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝብ ጨረሰ። በዓመቱ፣ በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምትሉት ከዚያ የበቀለ ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) በቡድን ሰልጥነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ሕመምተኛው እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ሕዝቡ ወዳለበት ይኬዳል። እናንተም ሰው ወደሚጽፍበት መሄዳችሁ ከዚያ የወጣ ነውና አከብረዋለሁ።

ያሳሰበኝ ግን የማይጽፈው ሰው ነው። ካላ አዛርን እንውሰድ። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በብዛት የሚይዘው ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ያ ልጅ ዛፍ ሥር ያድራል። የትኛው የቴሌግራም ቻናል ላይ ኮመንት ይጽፋል? ሊቦ ከምከም ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ካላ አዛር መሆኑ ሲታወቅ፣ ሰዉ ቀድሞ በወባ ስም ሲታከም ነበር። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ተጠርጥሮም ነበር። ያኔ ትክክለኛው ወሬ የነበረው በገበሬው አፍ ላይ ነው፤ ትኩሳቱ አልለቅ አለ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ሰውነቱ መነመነ ይል ነበር። በስልክ አልተጻፈም።

ስለዚህ ውጤታችሁን ስትጽፉ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» አትበሉ። «ስልክና ኔትወርክ ያለው፣ መጻፍ የሚችል፣ ለመጻፍም የደፈረ ሰው እንዲህ ይላል» በሉ።

---

ፊደል_ለቃሚ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ጋሼ፣ ያነሱት ዋናው ነገር ነው። ትልልቆቹም የወደቁት እዚያ ነው።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 ፍሉ ትሬንድስ የሚባል አገልግሎት ጀምሮ ነበር። ሰዎች ስለ ጉንፋን የሚፈልጉትን ቃል እየቆጠረ ኢንፍሉዌንዛ የት እንደተነሣ ይገምታል። ሰው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ማወቅ ይቻላል ተባለ፤ በ2009 በኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ከወቅቱ ውጭ የመጣውን ኤች1ኤን1 የተባለ ኢንፍሉዌንዛ አሳንሶ ገመተ። በ2012 እና 2013 መካከል በነበረው ክረምታቸው ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ካገኘው ከእጥፍ በላይ ገመተ። በ2015 ግምቱን ማውጣት አቆመ። ፍለጋው የሚለካው በሽታውን ብቻ አልነበረም። ዜና ሲበዛ ያልታመመውም ይፈልጋል።

የኛው ዳታ ላይ የባሰ ቀዳዳ አለ። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ተማሪዋ ግራፍ ስትሠራ በዚያ ጊዜ ከጎንደር አካባቢ የሚጻፈው ይወርዳል። ያ ማለት ሰው ዳነ ማለት አይደለም። እንዲያውም መድኃኒት ለማግኘት የከበደበት ጊዜ ነው። የዚያን ጊዜ ዝምታ እንደ ዜሮ አትቁጠሪው። ግራፉ ላይ ክፍት ተዪውና ለምን ክፍት እንደሆነ ጻፊ።

---

ኢንሱሊን_በማሰሮ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ስለ እነሱ ከምታወሩት ሰዎች አንዷ ነኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነት አንድ ስኳር አለብኝ። ያደግኩት ፍሪጅ የሌለበት ቤት ነው። ኢንሱሊኔ የሚቀመጠው እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ነበር። ቴሌግራም ላይ ስጽፍ የምጽፈው ለእንደኔ ዓይነት ሰው ነው፤ ማታ ስኳሯ ወርዶ ብቻዋን ለተቀመጠች ልጅ። ለተመራማሪ ብዬ ጽፌ አላውቅም። ቻናሉ ክፍት ስለሆነ ብቻ ፈቅጃለሁ ማለት ነው?

ደግሞ እኛ ስንጽፍ «ዛሬ አልወጋሁም» ያልነው ሁሉ አቁመናል ማለት አይደለም። መርፌ አልቆብኝ ሊሆን ይችላል። መንገድ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ዓይነት አንድ ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲቋረጥበት በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ፣ ሕይወቱን የሚያሳጣ ነገር ውስጥ ይገባል። ያን ጽሑፍ ማሽናችሁ «መድኃኒት እምቢ ያሉ» ብሎ ቢመድበው ያመኛል። እምቢ አላልኩም።

---

ሕግ_ነክ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

እህቴ፣ ጥያቄሽ በሕግም ቦታ አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃ በአዋጁ የተለየ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው። ክፍት ቦታ ላይ መጻፍ አንድ ነገር ነው፣ ያንን ሰብስቦ የአንድን ሰው ሕመም መከታተል ሌላ ነው። አጥኚዋ ስም ማውጣቷ ጥሩ ነው። ግን አንድ ኮመንት ውስጥ ሠፈሩን፣ ሥራውንና ሕመሙን የጻፈ ሰው ስሙ ቢወጣም ጎንደር ላይ ይታወቃል። ከተማችን ትንሽ ናት።

---

የማራኪ_ተማሪ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:00

ኢንሱሊን_በማሰሮ፣ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ለጥያቄሽ የምመልሰው ይህን ነው። በግብዣ ብቻ ከሚገባባቸው ግሩፖች አንድም አልወሰድኩም፣ አልወስድምም። የሰበሰብኩትን ጽሑፍ ለማንም አላካፍልም። የማወጣው የቃላት ዝርዝርና ጥቅል ቁጥር ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የሠፈርና የመሥሪያ ቤት ስሞችን የሚያወጣ ሌላ ደረጃ እጨምራለሁ፤ ሕግ_ነክ ያነሳኸው እውነት ነው። ለቻናሎቹ አድሚኖች ስለ ሥራው ጽፌ አሳውቃለሁ። ኮመንቴ ይውጣልኝ ያለ ሰው ይወጣለታል።

«እምቢ አላልኩም» ያልሽውን ግን የትም አልረሳውም። ሥራው የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

---

የአራዳ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:15

ግልጽ ያልሆነልኝ ነገር አለ። አሁን ቻትጂፒቲ የመሳሰሉት አማርኛ ይችላሉ። ኮመንቶቹን ሰጥተሽው «ማን አቁሟል፣ ማን አላቆመም» ብለሽ ብትጠይቂው አያልቅም?

---

ፊደል_ለቃሚ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:00

ያግዛል። አያልቅም።

መጀመሪያ ነገር፣ የታማሚ ጽሑፍ ውጭ አገር ወዳለ ኮምፒውተር መላክ ከላይ የተነሣውን የግል መረጃ ጉዳይ መልሶ ያመጣል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ቃላችንን የሚሰብሩት በጣም አድቅቀው ስለሆነ ለአንድ ዓይነት ሐሳብ እኛ የምንከፍለው ይበዛል። ሦስተኛው ይበልጣል። ልክ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ሰው አንብቦ የመደበው መለኪያ ከሌለሽ ማሽኑ የሚልሽን ማመን ብቻ ነው የሚቀርሽ። በአማርኛ ጤና ላይ እንዲህ ያለ መለኪያ አንቺ ራስሽ ካልሠራሽው ማን ይሠራልሻል?

አፍሪሴንቲ የሚባለውን እይው። የ14 የአፍሪካ ቋንቋዎች ትዊቶች በስሜት ተለይተው የተሰበሰቡበት ነው፤ አማርኛም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 ለውድድር ቀርቦ ነበር። የተለዩት ቋንቋውን በሚናገሩ ሰዎች ነው። ዋጋውም ከዚያ ነው የመጣው። የጤና ግን አይደለም።

---

የደብረ_ብርሃን_ሥላሴ_ጎረቤት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:45

ስለ ስሜት ከተነሣ እኔም ልበል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው የማየው።

ኮመንቶቹ ግማሻቸው «እግዚአብሔር ይማርሽ»፣ «ምሕረቱን ይላክልህ»፣ «አላህ አፊያ ይስጥህ» እንደሚሉ እገምታለሁ። ማሽን ይህን ምን ይለዋል? ደስ የሚል ጽሑፍ? ግን የሚጻፈው በከባድ ወሬ ሥር ነው። ትርፍ ቃል ነው ተብሎ ከተጣለ ደግሞ ትልቅ ነገር ይጠፋል። ያች ብቻዋን የተቀመጠች ልጅ ማታ የምትጠብቀው ያንን ሊሆን ይችላል። ለብቻው ይመደብ። «መጽናናት» በሉት።

ጠበልም እንደዚሁ ነው። «ጠበል» እና «መድኃኒት» አንድ ኮመንት ውስጥ ሲገኙ ማሽኑ ጸብ ያደርጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። በየጠበሉ ቦታ ኪኒኑን በጠበሉ የሚውጥ ሰው አይቻለሁ። «ጠበል እየጠጣሁ ነው» ያለ ሁሉ መድኃኒት ጥሏል ማለት ሰውን አለማወቅ ነው። የሚያስጥል ሰባኪ የለም ለማለት አይደለም፤ አለ፣ ያሳዝናልም። ግን ሁለቱ ይለዩ።

---

የፒያሳ_ፋርማሲስት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድም በዚሁ ይታዩ። ብዙው ሰው ከኪኒኑ ጋር ነው የሚጠጣቸው። ያኔ ጥያቄው «አቁሟል?» ሳይሆን «ስኳሩን ከሚያወርደው ኪኒን ጋር ሲደመር አብዝቶ ያወርድበት ይሆን?» የሚል ነው። ለዚህኛው የሚሰጠው ምክር ሌላ ነው።

---

የማራኪ_ተማሪ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:20

በሆርንሞርፎ ደገምኩት። አሉታውና «ቢሆንስ» የሚለው ሲለያዩ ያ ትልቅ ቡድን ተበታተነ። የጥያቄው ክፍል ለብቻው ወጣ። ሆርንሞርፎ የማይፈታቸው፣ አጻጻፋቸው የተበላሸ ቃላት ብዙ ናቸው፤ እነሱን በእጅ እያየሁ ነው።

ሌላ ያየሁት አለ። በእንግሊዝኛ በተሠሩ ጥናቶች «እኔ» የሚለውን ቃል መቁጠር የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ጥናት ድባቴ ያለባቸው ተማሪዎች «እኔ» ማለት እንደሚያበዙ አሳይቷል። እኛ ዳታ ላይ «እኔ» የለም ማለት ይቻላል። ሰዉ ስለ ራሱ ሳያወራ ቀርቶ አይደለም፤ «አመመኝ»፣ «አቃተኝ»፣ «ሰለቸኝ» ውስጥ አለ። ስለዚህ እኔም የምቆጥረው የቃሉን መጨረሻ ነው። ደግሞ በጣም ብዙው የሚጽፈው ስለ ራሱ አይደለም። «እናቴ»፣ «አባቴ»፣ «አያቴ» ነው። ስልኩ ያለው ልጅየው ዘንድ ነው። ጋሼ፣ የማይጽፉት ካሏቸው ሰዎች የተወሰኑት በልጆቻቸው በኩል እየጻፉ ነው። የቀን ሠራተኛው ግን እንዳሉት የለም።

አሁን የሚቀጥለው ሰው እያነበበ መመደቡ ነው። መደቦቹን እንዲህ አስቤያለሁ፦ መድኃኒቱን አቁሟል፤ ሊያቆም እያሰበ ይጠይቃል፤ ሌላውን እንዳያቆም ይመክራል፤ ሌላውን እንዲያቆም ይገፋፋል፤ ከባህላዊው ወይም ከጠበል ጋር አብሮ ይወስዳል፤ ስለ ጾም ሰዓት ይጠይቃል፤ ያጽናናል። አንዱን ኮመንት ሁለት ሰው ለየብቻው ይመድባል፤ ከዚያ ምን ያህል እንደተስማሙ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ካፓ እለካለሁ። መዳቢ እፈልጋለሁ። ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። ታማሚ ያነጋገረ ሰው ይሁንልኝ።

---

ሲስተር_ከአዘዞ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:10

እኔ አለሁ። ግን አንድ መደብ ጎድሎሻል።

«አቁሟል» ያልሽው አንድ አይደለም። ፈልጎ ያቆመ አለ፤ ያጣ አለ። ፋርማሲው የለም ያለው፣ ብር ያልደረሰው፣ መንገዱ የተዘጋበት። ኢንሱሊን_በማሰሮ የነገረችን እሱን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከደመርሽ ሪፖርቱን የሚያነበው ኃላፊ «ሕዝቡን እናስተምር» ብሎ ፖስተር ያሳትማል። ሰዉ ግን የሚያስፈልገው መድኃኒት ነው። ክፍል ውስጥ ሁሌ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ያጣውን ሰው ቁጭ አድርጎ መምከር።

---

የፒያሳ_ፋርማሲስት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:18

ልክ ነው። «አልቋል»፣ «የለም»፣ «ጠፋ»፣ «ተወደደ»፣ «አልቻልኩም»። እነዚህ ቃላት ከመድኃኒት ስም ጋር ሲመጡ ለብቻ ያዢያቸው። መቼ መቼ እንደበዙ በወር ከተቀመጠ የክምችት ችግሩ ራሱ ይታያል። እኔም እመድባለሁ።

---

ኢንሱሊን_በማሰሮ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:00

ታማሚስ መመደብ ይችላል?

---

የማራኪ_ተማሪ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:05

ይችላል። እንዲያውም አንቺና ሲስተር አንድ ዓይነት ኮመንቶችን ለየብቻ ብትመድቡልኝ ደስ ይለኛል። የማትስማሙባቸውን ሦስታችን ቁጭ ብለን እናያቸዋለን።

መደቡን ለሁለት ከፍዬዋለሁ፦ «ፈልጎ አቁሟል» እና «አጥቶ ተቋርጦበታል»። ከጽሑፉ የማይለይ ከሆነ «አይታወቅም» በሉት፣ አትገምቱ። መመሪያውን ዛሬ ጽፌ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።

---

ቆላ_ድባ_ጡረተኛ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:45

ልጄ፣ የቀን ሠራተኛውን ነገር አልተውሽውም ብዬ አምናለሁ። ከሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ሲመለሱ አዘዞ መናኸሪያ ይወርዳሉ። ከፈለግሽ አብሬሽ እወጣለሁ፤ እነሱ ሲያወሩ ትቀጂያለሽ፣ ፈቃዳቸውን እኔ እጠይቅልሻለሁ።

---

የማራኪ_ተማሪ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:10

እሺ ጋሼ። ለእሱ ሌላ የሥነ ምግባር ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ማመልከቻውን ከአሁኑ እጀምራለሁ። ረቂቁን ለእርስዎ ልኬ ጥያቄዎቹን ቢያርሙልኝ?

---

ቆላ_ድባ_ጡረተኛ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:30

ላኪው። መጀመሪያ ስለ ትኩሳት ጠይቂያቸው፣ ስለ በሽታው ስም አይደለም። ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን እንደዋጡ፣ ማን እንደሰጣቸው።